«ሕግ የለም» የተባለበት ሰፈር፦ ክርስቲያኒያን ከልጄ ጋር አየነው

ይቺን የምጽፈው ደቡብ ስዊድን ወይም ኮፐንሃገን ለምትኖሩና ቅዳሜን የት እናሳልፍ ለምትሉ ነው። ቤታችሁ ጎረምሳ ካለ ደግሞ በደንብ አንብቡት። የምገመግመው ክርስቲያኒያ የሚባለውን የኮፐንሃገን ሰፈር ነው፤ በተለይ የሰፈሩ ነዋሪዎች ራሳቸው የሚመሩትን የእግር ጉብኝት። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷ ለምን እንደጎደለች ስለ ቤት ሳወራ ትረዱኛላችሁ።

ለምን ሄድን? ልጄ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ሰሞኑን «ሕግ የሚባል ነገር ባይኖር ሰው በራሱ ይስማማ ነበር» የሚል ነገር ይዟል። እውነቱን ለመናገር ፍልስፍናው የጀመረው «ማታ ስልክህን ሳሎን ትተህ ግባ» ካልኩት ወዲህ ነው። ቢሆንም ጥያቄው ጥያቄ ነው። ሕግ ባይኖር ኑሮ ምን ይመስላል? ሶፋ ላይ ተቀምጠን ከምንከራከር፣ «የመንግሥት ሕግ አይግዛን» ብለው ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖሩ ሰዎች እኛ ካለንበት ከማልሞ ወደ ዴንማርክ የሚወስደውን ድልድይ ሲሻገሩ ኮፐንሃገን ውስጥ አሉ፤ ሄደን እንጠይቃቸው አልኩት። ደስ ብሎት አይደለም የመጣው። ግን መጣ።

መንገዱ ቀላል ነው። ከማልሞ በባቡር ድልድዩን ተሻግራችሁ ካስትሩፕ ኤርፖርት ትወርዳላችሁ። እዚያው ኤም 2 የሚባለውን ሜትሮ ይዛችሁ ክርስቲያንስሃውን ጣቢያ መውረድ ነው። ከዚያ በእግር ነው፣ ሩቅ አይደለም። በውጭ በኩል ጠመዝማዛ ደረጃ የዞረበት የቤተ ክርስቲያን ማማ ይታያችኋል፤ ወደሱ አቅጣጫ ሂዱ። ፓስፖርት ወይም መታወቂያ እንዳትረሱ፤ ስትመለሱ ስዊድን ድንበር ላይ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ሕግ ወዳለበት ለመመለስ ወረቀት ያስፈልጋል።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ቦታው የጦር ሰፈር ነበር። ወታደሮቹ ሲወጡ ግቢው ባዶውን ቀረ። በ1971 የአካባቢው ሰዎች አጥሩን ጥሰው ገቡ፤ መጀመሪያ የፈለጉት ለልጆቻቸው መጫወቻ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 26 ደግሞ ቤት ያጡ ወጣቶችና ሂፒዎች ገብተው «ነፃ ከተማ» ብለው አወጁት። 34 ሄክታር ገደማ ነው፤ ሐይቅ አለው፣ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ምሽግ አለው፣ መሐል ከተማ ነው። ዛሬ ዘጠኝ መቶ የሚሆን ሰው ይኖርበታል። መንግሥት አንዴ «ማኅበራዊ ሙከራ ነው» እያለ፣ አንዴ «ይፍረስ» እያለ፣ ሲፈቅድ ሲከለክል ቆየ። በመጨረሻ በ1989 ለሰፈሩ ብቻ የሚሆን ሕግ አወጣ። እንግዲህ አስቡት፤ ሕግ አልፈልግም ያለ ሰፈር በገዛ ስሙ የሚጠራ ሕግ ወጣለት።

አስጎብኚያችን ሰባውን ያለፉ አባት ናቸው። እዚያው ኖረው እዚያው ያረጁ። የሚያስረዱት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በስዊድንኛ ላናግራቸው ስሞክር በዴንማርክኛ መለሱልኝ፣ ሁለታችንም በትሕትና ተውነው። በቃል የሸመደዱትን የሚያነበንቡ ዓይነት አይደሉም። ጥያቄ ይወዳሉ፤ ደስ የማይል ጥያቄም ይወዳሉ። ልጄ ገና ሳይጀምሩ «እዚህ ሕግ የለም አይደል?» አላቸው። ምንም ሳይመልሱ ወደ አንድ ሰሌዳ ወሰዱን።

ሰሌዳው ላይ የክልከላ ምልክቶች ተደርድረዋል። መሣሪያ የለም። ድብድብ የለም። ጠንካራ አደንዛዥ ዕፅ የለም። የግል መኪና የለም። የተሰረቀ ዕቃ የለም። ርችት የለም። የጥይት መከላከያ ሰደርያ የለም። የሞተረኛ ቡድን ዓርማ ያለበት ልብስ የለም። ልጄ አንብቦ ሲጨርስ ወደኔ ዞሮ በአማርኛ «ማሚ፣ ከትምህርት ቤታችን ይብሳል» አለ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት አንዳንዴ ጥሩ ነው።

እዚህ ጋ ነው ጉብኝቱ ገንዘቡን ያወጣው። ሰውዬው ምልክቶቹን አንድ በአንድ እያመለከቱ ከየት እንደመጡ ነገሩን። መጀመሪያ ላይ አንድም አልነበረም አሉ። ሁሉም ሰው እንደፈለገ ነበር። ከዚያ ሄሮይን ገባ። በሰባዎቹ መጨረሻ ወጣቶች በየክፍሉ እየሞቱ መገኘት ጀመሩ። ነዋሪዎቹ መጀመሪያ ከፖሊስ ጋር ሊሠሩ ሞከሩ። ፖሊስ ግን ዞሮ ሃሺሽ ሻጮቹን አሳደደ። ስለዚህ በ1979 ራሳቸው ተነሡ፤ ወንዱም ሴቱም ልጁም። ለአርባ ቀንና ሌሊት በየሕንጻው እየዞሩ ሄሮይን የሚሸጠውን አስወጡ፣ ለሚወስደው «ወይ ሕክምና ግባ፣ ወይ ውጣ» አሉት። «ጠንካራ ዕፅ የለም» የሚለው ምልክት የዚያ ክረምት ውጤት ነው።

ከዚያ በ1980ዎቹ የሞተረኛ ወሮበሎች መጡ። የሃሺሹን ገበያ በጉልበት ያዙት። ሰው ተገድሎ ከወለል ሥር ተቀብሮ ተገኘ። የሞተረኛ ዓርማ የተከለከለው ከዚያ ወዲህ ነው። የጥይት መከላከያ ሰደርያውን ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። ማንም ሰው ሰደርያ ለብሶ ቡና ሊጠጣ አይመጣም።

«ቁጭ ብለን አልጻፍነውም» አሉ ሽማግሌው። «አንድ ነገር ይደርስብናል። እንሰበሰባለን። አንድ መስመር ይጨመራል።»

ልጄ ቀጠለ፦ «ማን ያስከብረዋል ታዲያ? ፖሊስ የላችሁም።» ጎረቤት ነው አሉት። መጀመሪያ ሰው መጥቶ ያናግርሃል። ካልሰማህ ስብሰባ ይጠራብሃል። ድብድብ ካበዛህ ከሰፈሩ እስከ መባረር ትደርሳለህ። ልጄ አልገባውም፤ «እምቢ ብልስ?» አለ። ለኔ ግን ወዲያው ገባኝ። አባቴ ጉለሌ የእድር ዳኛ ነበሩ። እድራችን ፖሊስ አልነበረውም፣ እስር ቤት አልነበረውም። ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ ይቀጣል፣ ወርሃዊውን ያላዋጣ ስሙ ይነበባል። እያጉረመረመ ሁሉም ይከፍላል። ነገ እናቱ ስታርፍ ድንኳኑን ማን ይተክልለታል? ይሄንን ለሽማግሌው በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። ቆመው ሰሙኝ፤ ከዚያ «የቀረው የሚቀጣው ስንት ነበር?» አሉኝ። የስብሰባ ሰው መሆናቸው ያኔ ታወቀኝ።

ስብሰባቸው ግን ከእድር ይብሳል። ድምፅ አይቆጠርም። እጅ አውጡ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም እስኪስማማ ይወራል። ሰፈሩ በአሥራ ምናምን ክፍል የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ጉዳይ ይጨርሳል፣ ያልተቻለው ወደ ትልቁ የጋራ ስብሰባ ይሄዳል። አንድ ሰው አልስማማም ካለ ነገሩ ያድራል። ስለ አጥር፣ ስለ ዛፍ፣ ስለ ውሻ ሰዓታት ይወራል። ልጄ ፊቱ ላይ ያለው ነገር አስቆኝ ነበር። ነፃነት ይሄን ያህል ወንበር ላይ መቀመጥ ይፈልጋል ብሎ አላሰበም።

አሁን ወደ ጎደለችው ኮከብ እንምጣ። እዚያ ቤት የግል አይደለም። የኖርክበትን ቤት አትሸጠውም። በ2012 ሰፈሩ ባቋቋመው ፋውንዴሽን በኩል ከመሬቱና ከሕንጻዎቹ የተወሰነውን ከመንግሥት ገዛ፤ 76 ሚሊዮን የዴንማርክ ክሮነር ገደማ። ለዚህ ብለው «የሕዝብ አክሲዮን» ሸጠዋል፤ ገዝታችሁ ምንም የማታገኙበት አክሲዮን ነው፣ ትርፍም የለው ድርሻም የለው፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። ይሄንን ወድጄዋለሁ። የከበደኝ ሌላው ነው። ቤት ሲለቀቅ በሰፈሩ ሳምንታዊ ጋዜጣ ይወጣል። የሚፈልግ ያመለክታል። ማን እንደሚገባ የሚወስኑት የዚያ ክፍል ነዋሪዎች ናቸው፤ ቁጭ ብለው፣ ተነጋግረው፣ ተስማምተው።

«እኔ ብመጣስ?» አልኳቸው። «ማንንም የማላውቅ፣ ከአዲስ አበባ የመጣሁ፣ አረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት የምሠራ?»

ሽማግሌው ሐቀኛ ሰው ናቸው። «መጀመሪያ ሰው ማወቅ አለብሽ» አሉኝ።

አያችሁ? ማልሞ ውስጥ ቤት ያገኘሁት በወረፋ ነው። ቀኑ ተቆጠረ፣ ተራዬ ደረሰ፣ ቁልፉን ሰጡኝ። ማንም ፊቴን አይቶ አልመረጠኝም። ማንም «ይቺ ሴትዮ ከኛ ጋር ትሄዳለች ወይ?» ብሎ አልተሰበሰበብኝም። ወረፋ ስሜት የለውም፣ ፈገግ አይልም፤ ለእንግዳ ሰው ግን ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሕግ በሌለበት ቦታ ያለው ዋናው ገንዘብ መታወቅ ነው። የሚታወቅ ሰው ደልቶት ይኖራል። አዲስ መጤ ደግሞ ደጅ ይጠናል። እድርም ቢሆን እኮ ለአዲስ ገቢ ዋስ ይጠይቅ ነበር። ይቺን ሐሳብ ለልጄ በባቡር ውስጥ ነግሬው ነበር፤ ለሱ አልመሰለችውም፣ ማልሞ የተወለደ ልጅ ነውና ወረፋ ማለት መሰላቸት ብቻ ነው።

ፑሸር ስትሪት ስለሚባለው የሃሺሽ መሸጫ ጎዳና ሳልጽፍ ብቀር ትታዘቡኛላችሁ። ሰፈሩ የታወቀው በዚህች ጎዳና ነው። ሃሺሽ መሸጥ ዴንማርክ ውስጥ ወንጀል ነው። እዚህ ግን ከሰባዎቹ ጀምሮ በግላጭ በጠረጴዛ ይሸጥ ነበር። ሦስት የታወቁ ማሳሰቢያዎች ነበሩ፦ ተዝናኑ፣ አትሩጡ፣ ፎቶ አታንሡ። አትሩጡ የተባለው ሰው ከሮጠ ፖሊስ መጣ ማለት ስለሆነና ግርግር ስለሚነሣ ነው። ይሄ ለቱሪስት የሚያስቅ ነገር ነው። በ2004 ፖሊስ ሊያፈርሰው ሲል ሻጮቹ ራሳቸው ቀድመው ደርምሰውት፣ አንዱ መሸጫ ደግሞ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቷል። ይሄም ያስቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው አያስቅም። ብዙ ብር ያለበት ነገር ሆነና የሰፈሩ ሰው ያልሆኑ ወሮበሎች እጅ ገባ። እነዚህ ስብሰባ አይመጡም። ጎረቤት ቢያናግራቸው ምን ተዳቸው? ድንኳን የሚተክልላቸው ሰው አይፈልጉም። በ2016 አንድ ሻጭ ሁለት ፖሊሶችንና አንድ መንገደኛ በጥይት አቆሰለ። ነዋሪዎቹ በቀናት ውስጥ ወጥተው መሸጫዎቹን አፈራረሱ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሰው ተተከሉ። በኦገስት 2023 ጭምብል ያደረጉ ሰዎች ተኩሰው አንድ ሰው ሞተ፣ አራት ቆሰሉ። ያን ጊዜ ነው በቃ የተባለው። ኤፕሪል 6 ቀን 2024 ነዋሪዎቹ፣ ሕጻናትም ጭምር፣ የጎዳናውን የድንጋይ ንጣፍ በእጃቸው ነቀሉት። የፍትሕ ሚኒስትሩና የከተማዋ ከንቲባም አብረው ነበሩ። ድንጋዩን የፈለገ ሰው ወደ ቤቱ ወሰደ።

ሽማግሌው ይሄን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። ልጄ ግን «እና መንግሥትን ለመናችሁ?» አላቸው። እኔ አፈርኩ፤ እሳቸው አላፈሩም። «ተስማማን» አሉ። «ሃምሳ ዓመት ሲፈጅብን ነው።»

እኔ በበኩሌ የታዘብኩት ይሄ ነው። ለሚያፍር ሰው ጎረቤት ይበቃዋል። ለማያፍር ሰው፣ መሣሪያ ለያዘ ሰው፣ ስብሰባ ምንም አያደርግለትም። ሰፈሩ ሄሮይኑን በራሱ ማስወጣት ችሏል፤ ምክንያቱም ሱሰኛው የሚያውቁት ልጅ ነበር። ጭምብል የለበሰውን ግን የማን ልጅ ነህ ብለህ ትለምነዋለህ?

ሌላም ልጨምር። ክርስቲያኒያ ብቻዋን የቆመች አገር አይደለችም። መብራቱና ውሃው ሂሳብ ይከፈልበታል። ልጆቹ ለትምህርት ከበሩ ውጭ ይወጣሉ። ሰው ሲታመም የዴንማርክ ሆስፒታል ይሄዳል። መኪና ክልክል ነው ይባላል፤ የነዋሪዎቹ መኪኖች ግን ከበሩ ውጭ በዙሪያው ባሉ መንገዶች ቆመዋል። ልጄ ይሄን ሲሰማ ሙድ ያዘባቸው፤ በአማርኛ ስለሆነ ምንም አልመጣም። እኔ ግን አልፈርድም። ሕግ ባለበት አገር መሐል ሆኖ ያለ ሕግ መኖርን መሞከር ብልህነት ነው። ዙሪያውን ዴንማርክ ባይኖር ግን ሰፈሩ ሌላ ነገር ይሆን ነበር፤ ምናልባት ከሰባ ዘጠኙ ክረምት ያልፍ አልነበረም።

በተረፈ ቦታው ያምራል። ጩኸት የለም። ውሾች ያለ ማሰሪያ ይዞራሉ፤ የሚፈራ ሰው ካለ ቀድማችሁ ንገሩት። ሐይቁ ዳር ሰዎች በእጃቸው የሠሯቸው ቤቶች አሉ፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ ከመስኮት የተገጣጠመ ነው። ልጄ ስልኩን ያወጣው እዚያ ጋ ነው፤ ቤቱን ፎቶ ማንሣት እንደሚቻል መጀመሪያ ጠይቁ፣ ሰው ይኖርበታል። «ክርስቲያኒያ» የሚባለው ከፊት ሳጥን ያለው ባለ ሦስት እግር ብስክሌትም እዚሁ ነው የተፈጠረው፣ በ1984፤ ማልሞ ላይ ልጅና ዕቃ ጭነው ሲሄዱ የምታዩት ማለት ነው። አሁን የሚሠራው ቦርንሆልም ደሴት ላይ ነው።

ምግብ፦ ሞርገንስተደት የሚባል ትንሽ ቤት አለ፤ ጓሮ ያለው፣ ሥጋ የማያቀርብ፣ አልኮል የማይሸጥ። የምትጾሙ ከሆነ ይጠቅማችኋል፤ ወተት ወይም አይብ እንዳለው ግን ጠይቁ። የምስሩ ሾርባ ጥሩ ነበር፣ በርበሬ ብቻ ነው የጎደለው። ስሙን በማልጠራው ሌላ ካፌ ደግሞ ለብ ያለ ቡና በውድ ዋጋ ጠጥቼ፣ መጸዳጃ ቤቱ ወረቀት አልነበረውም። ሶፍት ያዙ።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ ልጄ አንድ ሐሳብ አመጣ። እኛም ቤት ድምፅ ሳይቆጠር፣ ሁለታችንም ስንስማማ ብቻ ይወሰን አለ። በደስታ ተቀበልኩት። የመጀመሪያው አጀንዳ የሱ ስልክ ነበር። እኔ አልተስማማሁም። ባልተስማሙበት ጉዳይ ደግሞ ነገሩ እንደነበረ ይቆያል፤ ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው ያሉን። ስልኩ ሳሎን ያድራል። ልጄ ይግባኝ የሚባልበትን ቦታ እየፈለገ ነው።

ለመሄድ ካሰባችሁ ከቀትር በኋላ ሂዱ፣ በቀን። ጉብኝቱን ያዙ፤ ብቻችሁን ብትዞሩ ቆንጆ ሥዕል የተሣለባቸው ግድግዳዎች አይታችሁ ነው የምትመለሱት። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከሐይቁ በኩል ጀምሩ፣ ለመሮጥ የሚሆን ቦታ አለ። የሃሺሽ ሽታ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ቅር የሚላችሁ ከሆነ እወቁት። የዴንማርክ ክሮነር በጥሬው ትንሽ ያዙ፣ ለአስጎብኚውም ለሾርባውም ይሆናችኋል።